በሳሙና የተጻፈ አሰላለፍ

ሐሙስ 6

ዋንጫው ዛሬ ለእኛ ቡድን ተጀመረ። ባዶ ለባዶ።

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ሚስቴ ናት። «ከግድግዳ ጋር ከምታወራ ጻፈው» አለችኝ። ከግድግዳ ጋር አላወራም። ጸጉር ስቆርጥ ከንፈሬ ይንቀሳቀስ ይሆናል እንጂ።

ሱቁ ጢም ብሎ ነበር። ሁለቱም ወንበሮች ተይዘዋል፣ ከቴሌቪዥኑ ፊት አግዳሚው ላይ አምስት ሰው፣ በሩ ላይ የቆመውን ተወው። ሾፌሩ እንደ ልማዳችን ከጨዋታው በፊት መጣና አሰላለፉን መስታወቱ ላይ በሳሙና ጻፈ። ይህን ልማድ ከያዝን ሃያ ዓመት ሆነን። እሱ በደረቅ ሳሙና ቁራጭ ይሰለፉ የሚላቸውን አስራ አንዱን ይጽፋል፣ እኔ መውጣት አለበት የምለውን እከብበታለሁ፣ ከዚያ ደንበኛው ሁሉ ይጨቃጨቃል። ሳሙናው መሳቢያ ውስጥ የራሱ ቦታ አለው፤ ሌላ ሰው አይነካውም።

ሾፌሩ የከተማ አውቶብስ ሾፌር ነው። ነበር ልበል። ከሦስት ወር በፊት መሪ ላይ እያለ ዓይኑ ጨለመበትና አውቶብሱን ከመብራት ምሰሶ ጋር አላተመው። ሰው አልተጎዳም። ግን መንጃ ፈቃዱን ወሰዱበት።

ዛሬ ዘበኛውን አስወጥቶ ቀጭኑን መሀል ሜዳ ላይ ጻፈ። ዘበኛው የምንለው ስድስት ቁጥሩን ነው። ከተከላካዮቹ ፊት ቆሞ በር ይጠብቃል፣ ኳስ ሲደርሰው ወደ ኋላ ያቀብላል፣ በቃ። ቀጭኑ ደግሞ ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው፤ ኳስ ሲነካ ሰውን ከወንበሩ ያስነሳል፣ ግን አስር ጊዜ ይነጠቃል። እኔ የዘበኛው ሰው ነኝ። መጀመሪያ አይግባብህ፣ ማግባቱ ይደርሳል። አሰልጣኙም እንደኔ ነው የሚያስበው። ፈሪ ይሉታል፣ ይበሉት።

ተከራከርን። ትንሽ ጠነከረ። እኔም አንድ ነገር ተናገርኩ። ሾፌሩ ኮፍያውን አደረገና ጨዋታውን ሳያይ ወጣ። መስታወቱን በፎጣ ጠረግኩት።

ነገ ይመጣል።

አርብ 7

አልመጣም። አስራ አራት ጸጉር፣ ስድስት ጺም።

ቅዳሜ 8

ጠበቃው መስታወቱን አይቶ «አሰላለፉስ?» አለኝ። ጠበቃ አይደለም፣ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ነው፤ አፉ ስለማይዘጋ ነው ስሙ የወጣለት። «ጨዋታው ማክሰኞ ነው፣ ምን አስቸኮለህ» አልኩት።

እሱና መካኒኩ ሲወጡ ሰማኋቸው። መካኒኩ ጎረቤቴ ነው፣ ጋራዡ ከሱቄ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ድምፁን ዝቅ ማድረግ አያውቅም። «ምላሱ ከምላጩ የባሰ ነው» አለ።

ስለ ማን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

እሑድ 9

ሱቅ ዝግ ነው። ሚስቴ የሾፌሩን ሚስት ገበያ አግኝታታለች። ጭንቅላቱን ፎቶ አንስተውት ውስጡ የለውዝ ፍሬ የምታህል ነገር አይተዋል። ያኔ መሪ ላይ ዓይኑን ያጨለመበት እሱ ነው። ቀዶ ጥገና ይደረግ አይደረግ ሐኪሞቹ እየተማከሩ ነው።

«ታውቅ ነበር?» አለችኝ።

«አላውቅም።»

«ሰውዬው ሱቅህ ውስጥ ሲውል ሲያድር?»

ምንም አልተሰማኝም፤ ጆሮዬ ላይ ጥጥ የጠቀጠቁብኝ መሰለኝ እንጂ። ምሳ በላሁ። ጨው ይነሰው አይነሰው አላውቅም።

እንግዲህ ልጻፈው። ሐሙስ ዕለት የተናገርኩት ይህ ነው፤ «አንድ አውቶብስ እንኳ አናምንህም ብለው ያወረዱህ ሰውዬ፣ ዛሬ ቡድን ልትመራልን ነው?» ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ መሰለኝ። እሱ እኔን ሳይሆን መስታወቱን እያየ ነበር፤ በመስታወቱ ውስጥ ደግሞ የሳቀው ሰው ሁሉ ይታያል።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። ራስ ሲመለጥስ እኔ አውቃለሁ፣ ሥራዬ ነው። አፌን ነው ያላወቅኩት።

ግን እሱም ቢሆን ጥሎኝ ወጣ። ሃያ ዓመት ያወቀኝ ሰው ቀልድና ቁም ነገር አይለይም? እሱ ይምጣ። ሲመጣ እኔም አልጨክንም።

ማክሰኞ 11

አንድ ለዜሮ አሸነፍን። ጎሉን ያገባልን የነሱ ተከላካይ ነው፣ በራሱ ላይ። የእኛ ሰው ወደ ግብ አንዴም አልመታ።

«ይሄ አሰልጣኝ ሚስት ያገባው እሷ ጠይቃው መሆን አለበት!» አለ መካኒኩ። ሱቁ በሳቅ ተናጋ። ጠበቃው ደግሞ ሁለት ተከላካይ አማካይ አሰልፎ ሦስተኛውን ማሟሟቅ ሰው መናቅ ነው፣ ቀጭኑ ተቀያሪ ወንበር ላይ ሊሻግት ነው፣ እያለ አንድ ሰዓት ሙሉ ተሟገተ። ሁሉም ወደ እኔ ያያል፣ መልስ እንድሰጥ። ድሮ ቢሆን ኖሮ!

«አሸንፈናል አይደል» አልኩና ቶንዶሱን አስነሳሁት። ድምፁ ይጠቅማል፣ ሰው አያናግርህም።

ሁለተኛውን ወንበር ማንም አልተቀመጠበትም። ቆዳው የተቀደደው እሱ ነው፣ ሾፌሩ የሚቀመጥበት።

አርብ 14

መካኒኩ ሾፌሩን መድኃኒት ቤት በር ላይ አግኝቶታል፣ ግድግዳ ተደግፎ። ሰላም ሲለው በሌላ ሰው ስም ጠራው። «ቀልዱን ነው ብዬ ሳቅኩ፣ ለካ ቀልዱን አይደለም» አለ። መካኒኩ እንዲህ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲያወራ መጀመሪያዬ ነው።

እኔ ያኔ የጠበቃውን ጆሮ ግንድ በምላጭ እያስተካከልኩ ነበር። ቆረጥኩት። ሃያ ስድስት ዓመት ስሠራ ሰው አድምቼ አላውቅም። ጠበቃው እንኳን ሊከሰኝ፣ «ምንም አይደል፣ ምንም አይደል» እያለ እሱ አጽናናኝ።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። ሐሙስ ዕለት ሲጽፍ ፊደሎቹ ወደ ታች ይንሸራተቱ ነበር። ተከላካዮቹን ጽፎ አማካዮቹ ጋ ሲደርስ እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ሳሙናው ሁለት ጊዜ ወደቀበት። አይቻለሁ። አይቼ ነው የተናገርኩት። ለምን እንደዚያ እንዳደረግኩ አላውቅም። ፈራሁ መሰለኝ፤ የፈራሁትን ነገር ደግሞ ገፍቼ አባረርኩት።

እሑድ 16

ባዶ ለባዶ። ከምድባችን አለፍን። በሦስት ጨዋታ አንድ ጎል፣ እሱም የእኛ አይደለም።

ጠዋት ተነስቼ ብርቱካን ገዛሁ። ሚስቴ ሸሚዜን ተኮሰችልኝ፣ ምንም አላለችም። እስከ ሾፌሩ ሰፈር መታጠፊያ ሄድኩ። ከመታጠፊያው በሩ ይታያል፤ ጠያቂ ይገባል ይወጣል፣ የአውቶብስ ድርጅቱ ሰዎች ከነዩኒፎርማቸው ቆመዋል። በነዚያ ሁሉ ፊት ገብቼ ምን ልል ነው? የሰደብኩት እኮ በሥራው ነው። ሌላ ቀን፣ ሰው ሲቀንስ፣ ይሻላል ብዬ ተመለስኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ብርቱካኑን እኛው በላነው። «የታማሚ ብርቱካን ልትበላ ነው?» አለች ሚስቴ። ልጣጩን ጠረጴዛው ላይ ትታልኝ ተነሳች።

ሐሙስ 20

በመለያ ምት አለፍን! ሩብ ፍጻሜ። መካኒኩ ከነቅባቱ አቀፈኝ፣ ከሸሚዜ አይለቅም። ሰው መንገድ ላይ ወጥቶ ጨፈረ። ዘበኛው የመጨረሻዋን መታ፣ መሀል ለመሀል፣ ያለ ምንም ሩጫ። «አልኳችሁ አይደል» ማለት የምችለው ዛሬ ነበር።

ለማን ልበል? አልኳችሁ የምለው ሰው አንድ ነው።

ወንበሩን አይቼ አይቼ ሱቁን ዘጋሁ። ደስ አላለኝም፣ አልከፋኝምም።

ሰኞ 24

የሾፌሩ ሚስት ሱቅ መጣች። ሴት እዚህ ደጃፍ አትቆምም፣ አግዳሚው ላይ ያለው ሁሉ ብድግ አለ። ወደ ውጭ ወጣሁላት።

«ወንድሜ፣ ረቡዕ ጠዋት ነው ቀዶ ጥገናው» አለች። «ሆስፒታል ገብቷል።»

«ወሰኑ እንዴ? ትንሽ ቢጠብቁ አይሻልም?»

«ሐኪሞቹማ እንጠብቅ ብለው ነበር። እሱ ነው እምቢ ያለ። "ቁጭ ብዬ ጎል እስኪገባብኝ አልጠብቅም፣ ልሂድበት" አላቸው። ታውቀዋለህ።»

አውቀዋለሁ።

«ነገ ጸጉሩን ይላጫል፣ ሙልጭ ተደርጎ። "በሱ እጅ ካልሆነ አልላጭም፣ ጥሩልኝ" ብሎኛል። ነገ ትመጣለህ?»

በሱ እጅ ብሏል! ያን ጊዜ ጥጡ ከጆሮዬ የወጣ መሰለኝ። እሺ ማለት ነበረብኝ። ማለት የነበረብኝ አንዲት ቃል ናት። እኔ ግን አግዳሚውን ዞሬ አየሁ፣ ነገ ሩብ ፍጻሜ ነው፣ ሱቁ ይጨናነቃል፣ ከዚያ ደግሞ ነገ ሆስፒታሉ በጠያቂ ይሞላል ብዬ አሰብኩ። ረቡዕ በጠዋት ብሄድ ብቻውን አገኘዋለሁ። ለብቻችን ከሆንን ይቅርታውም ይቀላል።

«ረቡዕ ማልጄ እመጣለሁ፣ በአስራ ሁለት ሰዓት። ሳይገባ እደርሳለሁ» አልኳት።

ትንሽ አየችኝ። «እሺ፣ እነግረዋለሁ» አለች።

ስመለስ መካኒኩ «ምን አለች?» አለ። «ደህና ነው አለች» አልኩ።

ማክሰኞ 25

ተሸነፍን፣ አንድ ለዜሮ። በሃያኛው ደቂቃ ገባብን። ከዚያ በኋላ እንኳ አሰልጣኙ እጁን ኪሱ ከቶ ቆመ። ዘበኛው ወደ ኋላ፣ ተከላካዩ ወደ በረኛው፣ በረኛው ወደ ተከላካዩ። «አስገባው! ምን ትጠብቃለህ?» ብሎ ሱቁ በሙሉ ጮኸ፤ ድምፄን ስሰማ እኔም እየጮህኩ ነበር።

ቀጭኑ የገባው በሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ ነው። ሁለት ሰው አታልሎ አለፈ፣ አንድ ኳስ አሻገረ፣ የሚደርስላት ሰው ጠፋ። አለቀ።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለ ጠበቃው።

ዕቃዬን አዘጋጀሁ። አዲስ ምላጭ፣ ብሩሽ፣ ሁለት ንጹሕ ፎጣ። የሱን ሳሙናም ከመሳቢያው አውጥቼ ጨመርኩ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ረቡዕ 26

አስራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ደረስኩ። ክፍሉ ባዶ ነው። አልጋው ላይ አንሶላ የለም።

ሚስቱ ኮሪደሩ ላይ የላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። «ተራ አስቀድመውት ከሌሊቱ በአስር ሰዓት ተኩል ወሰዱት» አለች።

«ጸጉሩስ?»

«ትናንት ማታ ነርሷ ላጨችው።»

ዕቃዬን እንደያዝኩ ቆምኩ።

«ቀኑን ሙሉ እምቢ ብሏቸው ነበር» አለች። «"ረቡዕ ብሏል" ስለው "እሱ? ጨዋታው ሲያልቅ ሳያስችለው ይመጣል" አለኝ። ጨዋታውን በሬዲዮ ሰማ። ያ ልጅ መጨረሻ ላይ ሲገባ እንዴት እንደሳቀ! ከዚያ በሩን እያየ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ቆየ። በኋላ ነርሷ እኔም ሥራ አለኝ አለች፣ እውነቷን ነው። ቸኩላ ነው መሰለኝ ከጆሮው ጀርባ ሁለት ቦታ ቆረጠችው። አልጮኸም። "ይሄ የለመድኩት እጅ አይደለም" ብቻ አለ።»

አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ዳቦ ከቦርሳዋ አውጥታ ግማሹን ሰጠችኝ። በላሁ።

ሰባት ሰዓት ሙሉ አጠገቧ ተቀመጥኩ። የኮሪደሩ ወለል ጥቁርና ነጭ ነው። ከወንበራችን እስከ በሩ ሠላሳ አራት ጥቁር አለ። ሐኪሙ ወጥቶ «ተርፏል፣ የቀረውን ሲነቃ እናያለን» አላት። እሷ አለቀሰች። እኔ ፎጣ ሰጠኋት። ለሱ ያመጣሁት ፎጣ ነበር።

ሐሙስ 27

አልነቃም። ሱቅ አልከፈትኩም።

ለሚስቴ ሁሉንም ነገርኳት፣ ከስድቡ ጀምሮ። ሰምታ ስትጨርስ «በል ተኛ» አለችኝ። በቀን ተኛሁ።

እሑድ 30

ነቅቷል። ሰው ያውቃል። ቀኝ እጁ ግን አይታዘዘውም፣ ቃልም ጠፍቶበታል። የሚወጣለት «እሺ» እና «የለም» ብቻ ነው። ሐኪሙ ቀስ እያለ ይመለስ ይሆናል ብሏል። ይሆናል።

ስለዚህ ብሄድስ ምን ሊፈይድ? ይቅር ብዬሃለሁ የሚል አፍ የለው፣ ዓይንህን አልይ የሚል አፍ የለው። መልስ የማይሰጥን ሰው ይቅርታ መጠየቅ ደግሞ ለራስ ማቅለል ነው።

ይህን ጽፌ አነበብኩት። አሁንም ወደ ኋላ እያቀበልኩ ነው።

አርብ 5

ሄድኩ። ክፍሉ ውስጥ ሰባት ጠያቂ ነበር። ራሱ በፋሻ ተጠቅልሏል። ሲያየኝ ዓይኑ ቆየብኝ። «እግዜር ይማርህ» አልኩ፣ ሰው ሁሉ እንደሚለው። «እሺ» አለ። ብርቱካኑን አስቀምጬ ወጣሁ።

ብርቱካኑ ቢያንስ ደረሰ።

ረቡዕ 17

ሰው ስለ ዋንጫው ማውራት አቁሟል። አሰልጣኙ ተባሯል። መካኒኩ አሁን የሚያወራው ስለ ውሃ መቋረጥ ነው። አስራ አንድ ጸጉር፣ አራት ጺም።

ቅዳሜ 27

ዛሬ በደንብ ልጻፍ።

ከምሳ በኋላ ሱቁ ሙሉ ነበር። ሚስቱ ክንዱን ይዛ በሩ ላይ ስታቆመው ሁሉም ወደ በሩ ዞረ። ከስቷል። ኮፍያው ጆሮው ላይ ወርዷል። ጠበቃው ከአግዳሚው ተነስቶ ቦታ ሊለቅለት ሲል ሾፌሩ «የለም» አለና በቀጥታ ወደ ተቀደደው ወንበር ሄደ። ተቀመጠ። ኮፍያውን በግራ እጁ አወለቀና ከጆሮው ጀርባ ነካ ነካ አድርጎ በመስታወቱ ውስጥ አየኝ።

ጸጉሩ በቅሏል፣ አበቃቀሉ ግን ጉራማይሌ ነው። ስፌቱ አጠገብ የለም፣ ነርሷ የቆረጠችበት ቦታም የለም፣ የቀረው ቆሟል። ጨርቁን አለበስኩትና መቀሱን አነሳሁ። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ቆረጥኩ። ከዚያ መቀሱን አስቀመጥኩ።

«ስማኝ» አልኩት። «ያን ቀን የተናገርኩት ነውር ነው። ታመህ እያየሁህ ነው የተናገርኩት። በሰው ፊት ሰድቤሃለሁና በሰው ፊት ይቅር በለኝ። ማክሰኞም መምጣት ነበረብኝ። ጠብቀኸኝ ቀረሁ።»

መካኒኩ መሬት መሬት ያያል። ፊቴ በዕንባ ርሶ ነበር፣ በጨርቁ ጫፍ ጠረግኩት። ስንት ሳምንት ምንም ሳይሰማኝ ቆይቼ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣ፣ በሥራ ሰዓት፣ በደንበኛ ፊት።

ሾፌሩ ግራ እጁን ዘርግቶ መሳቢያውን ሳበ። ሳሙናው ወደ ቦታው ተመልሶ ነበር። አነሳው።

መስታወቱ ላይ መጻፍ ጀመረ። በግራ እጁ ነው፣ ፊደሎቹ የመጀመሪያ ክፍል ልጅ የጻፋቸው ይመስላሉ። በረኛውን። አራቱን ተከላካዮች። አንዷን ስም ሦስት ጊዜ ጀመራት። ሩብ ሰዓት ሳይፈጅበት አልቀረም፣ ከአግዳሚው ማንም አልተንቀሳቀሰም። ጠበቃው ብቻ በሹክሹክታ «ዛሬ እኮ ጨዋታ የለም» አለ፣ መካኒኩ በክርኑ ጎሸመው።

አስር ሰው ጻፈ። መሀል ሜዳ ላይ አንድ ቦታ ባዶ ተወ። ከዚያ ሳሙናውን ለእኔ ዘረጋልኝ።

ሃያ ዓመት ሙሉ ይህን ሳሙና ይዤ ያደረግኩት መክበብ ብቻ ነው፤ ስም ጽፌበት አላውቅም። ተቀበልኩትና ባዶው ቦታ ላይ ቀጭኑን ጻፍኩ።

አየው። ሳሙናውን መልሶ ወሰደብኝና ቀጭኑን ከበበበት። ይውጣ!

«አንተ ሰውዬ!» አልኩ። «ያን ሁሉ የተጣላነው በማን ሆነና ነው? አሁን ደግሞ ዘበኛውን ልታስገባ ነው?»

«የለም» አለ። ከንፈሩ በአንድ ወገን ብቻ ሳቀ።

«ታዲያ ማን ይግባ?»

«የለም።»

«ያለ አማካይ ልንጫወት ነው?»

«እሺ» አለ፣ ትከሻው በሳቅ እየተንቀጠቀጠ። መካኒኩ ፈነዳ፣ ሱቁ ሁሉ ተከተለው፣ ሚስቱ በር ላይ ቆማ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

ከዚያ ክርክሩ ተጀመረ፣ እስክንዘጋም አላለቀ። ጸጉሩን በመሀል በመሀል ጨረስኩለት፣ ከጆሮው ጀርባ በተለይ ተጠንቅቄ። ከሁለታችን የተናገርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ የተረታሁትም እኔ ነኝ።